የ34 ሰከንዷ ቪዲዮና የ3 ሳምንት ልፋታችን

ክረምት ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሏል። የእህቴ ልጆች እናቴ ቤት ከእኔ ጋር ሳሎን ተቀምጠው ይሰለቻሉ። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 6። አንድ ቀን ትልቁ ስልኬን ይዞ መጣና አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። ኳስ ተንከባሎ ካርቶን ይጥላል፣ ካርቶኑ ማንኪያ ይመታል፣ ማንኪያው ውሃ ይደፋል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። «አክስቴ፣ እኛም እንሥራ። ግን ማጀት ባለው ነገር ብቻ!» አለኝ።

እሺ አልኩት። በ2 ቀን እንጨርሰዋለን ብዬ ነበር። 3 ሳምንት ፈጀብን። መሃል ላይ ለቅሶም ኩርፊያም ነበረበት። ልጆች ይዛችሁ እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመር ካሰባችሁ እኛ የወደቅንበት ቦታ እንዳትወድቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ትንሿ ገና በመጀመሪያው ቀን «ግፊያ» የሚል ስም አወጣችለት። እኔም እንደዚያው እጠራዋለሁ። ፈረንጆቹ በአሜሪካዊው ካርቱኒስት በሩብ ጎልድበርግ ስም ነው የሚጠሩት። ሰውየው (እ.ኤ.አ. 1883–1970) መጀመሪያ የተማረው ምህንድስና ነበር። በኋላ ቀላል ሥራን በረጅሙ የሚያዞሩ መሣሪያዎችን እየሳለ ታወቀ። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቁ ወዲያው ደብተር አወጣና መሳል ጀመረ። 30 እርምጃ ያለው ግፊያ ሳለ። እንቁላል አለበት፣ ወተት አለበት፣ ማር አለበት። እኔም ደስ ብሎኝ «በርታ» አልኩት። የመጀመሪያው ስህተታችን ይኸው ነው።

በማግስቱ ጠረጴዛውን ሞላነው። እንቁላሉ በሁለት ማማሰያዎች መሃል ተንከባሎ ብርጭቆ እንዲመታ ነበር ያሰብነው። እንቁላል ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዱ ጫፉ ሾጠጥ ስላለ ይዞራል። ጥሬ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደኋላ ስለሚጎትተው እየተንገዳገደ ነው የሚሄደው። የእኛም ዞረና ከጠረጴዛው ወርዶ ፈረጠ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውን ሳነሳ እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

አልተቆጣችም። መጥረጊያ አምጥታ ራሷ ጎንበስ አለች። «ልጄ፣ በእህል አይቀለድም» አለችኝ ቀስ ብላ። እናቴ መሬት የወደቀ እንጀራ ሳም አድርጋ የምታነሳ ሴት ናት። ያደግሁትም እሱን እያየሁ ነው። በዚያ ሰዓት አፈርኩ። ልጆቹ ፊት የማሳየው ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ። ቪዲዮውን ልተወው ሁሉ አስቤ ነበር።

ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። እናቴ «ሥሩ፣ ግን አንዲት ፍሬ እንዳትባክን» አለች። ከዚያ ግፊያውን በሙሉ የቀየሩ ሦስት ነገሮች ነገረችን። ከጠረጴዛው ሥር ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍ። የሚፈስ እህል ካለ ሰፌድ ላይ ይፍሰስ። የሚሰበርና የሚደፋ ምግብ አይግባ። ደግሞ ሐምሌ እያለቀ ነበር፤ ፍልሰታ ሊገባ ነው። በእሷ ቤት በፍልሰታ ልጆቹም ይጾማሉ። እንቁላሉም ወተቱም በዚሁ ወጡ። ግፊያችን የጾም ሆነ። ሲገባኝ ይህ ነገር ጠቀመን እንጂ አልጎዳንም። የሚፈርጥና የሚፈስ ነገር ሲወጣ አንዴ ሳይሳካ ሲቀር መልሶ መደርደር ብቻ ነው፤ ማጽዳት የለም።

ምርጫችንም ተስተካከለ። ለመንከባለል ብርቱካንን የሚያህል አላገኘንም። ሎሚ ጫፉ ስለሚወጣ ይንሻፈፋል። ቲማቲም ጥቂት ጊዜ ሲጋጭ ይልማል። ሐዲዱን የሠራነው በሸንኮራ አገዳ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ አገዳዎች ጎን ለጎን ታስረው መሃላቸው ላይ ብርቱካኑ እንደ ባቡር ይወርዳል። መጀመሪያ አንጓው ጋ ሲደርስ እየዘለለ ይወድቅብን ነበር። ትልቁ በጣቱ እየዳበሰ «እዚህ ጋ ጉብ ብሏል» ብሎ አገኘው። እኔ ቢላ ይዤ አንጓዎቹን አንድ በአንድ ላጥኩ። የተላጠው ቦታ ላይ ብርቱካኑ ድምፁ ሁሉ ተቀየረ። ቅድም ቋ፣ ቋ ሲል የነበረው ሽው ብሎ ወረደ።

ሁለተኛው ግኝታችን ጤፍ ነው። ትልቁ ምስር የሚያፈስ ነገር ፈልጎ ነበር። የሃይላንድ ቂጡን ቆረጥንና ገልብጠን ወንበር ላይ አሰርነው። ምስሩ ግን ጠርሙሱ አፍ ላይ እየተጣበበ ይቆማል። ፍሬዎቹ ተደጋግፈው እንደ ድልድይ ይሆኑና ከላይ ያለውን ይይዙታል። ሽምብራማ ጭራሽ አይሞከርም። እናቴ አየችንና «ጤፍ አድርጉበት፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው» አለች። እውነቷን ነው። የጠርሙሱ አፍ ከእህሉ ፍሬ ወደ 6 እጥፍ ካልሰፋ ሊዘጋ ይችላል። ለጤፍ ግን የትኛውም ጠርሙስ ሰፊ ነው። ሌላም ጥሩ ጠባይ አለው። ውሃ ጠርሙሱ እየጎደለ ሲሄድ አወራረዱም ይደክማል። እህል ግን ጠርሙሱ ሙሉም ይሁን ግማሽ በአንድ ፍጥነት ነው የሚፈሰው። ስለዚህ እንደ ሰዓት ትተማመኑበታላችሁ። የእኛ ሁልጊዜ በ6 ሰከንድ ኩባያውን ይሞላል። ቀይ ጤፍ ከሆነ ደግሞ ነጭ ጨርቅ ፊት ለፊት በካሜራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደረቅ መሆኑን ብቻ እዩ። በክረምት እርጥበት ከያዘው ይጓጉላል።

እንግዲህ ነገሩ የተስተካከለ መሰለን። ጠረጴዛውን ሞልተን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መልቀቅ ጀመርን። 14 ጊዜ ሞከርን። አንዱንም አልጨረስንም። አንዴ እዚህ ይቆማል፣ አንዴ እዚያ። እያንዳንዱን ለመደርደር ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጆቹም እኔም ዝለናል።

14ኛው ላይ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ድርደራውን ልንጨርስ 2 ብስኩት ሲቀረን ትንሿ ለማየት ጠጋ አለችና በክርኗ ጠረጴዛውን ነካችው። ብስኩቶቹ ተራ በተራ ተረተሩ። ካርቶኖቹም ተከተሉ። እኔም ጮህኩባት። ድንግጥ ብላ መጋረጃው ኋላ ገባች። ትልቁ «እኔ ከእንግዲህ አልሠራም» ብሎ መኝታ ቤት ሄደ። ሳሎኑ ጸጥ አለ።

ከመጋረጃው ሥር ሁለት ትናንሽ እግሮች ይታያሉ። ሄጄ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ይቅርታ የኔ እናት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። በእርግጥም የእኔ ነበር። የ6 ዓመት ልጅ በምትሮጥበት ቤት፣ አንድ ክርን ሁሉንም እንዲያፈርስ አድርጎ የደረደረው ማን ሆነና ነው? ከልጅ ጋር የምትሠሩ ሰዎች፣ ይህን ከሁሉ በፊት አስቡበት። ስትደረድሩ በየ5 እና በየ6 ብስኩቱ መሃል አንድ ክፍት ቦታ ተዉ። የሆነ ነገር ቢወድቅ እዚያው ይቆማል። ክፍቶቹን የምትሞሉት ካሜራው ከመነሳቱ በፊት መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሥራ ለትንሿ ሰጠናት። «የበር ጠባቂ» ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ ጠረጴዛውን አንዴም አልነካችውም። ስትራመድ እንኳ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ነበር።

ትልቁን የመለሰው ሒሳብ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠራሁትና ጠየቅኩት። «አንዱ እርምጃ ከ10 ሙከራ 9ኙን ከተሳካ ጥሩ ነው?» «ጥሩ ነው» አለኝ። «30 እርምጃ እንዲህ ቢሆን ሁሉም አንድ ላይ ስንት ጊዜ ይሳካል?» ስልኩ ላይ 0.9ን 30 ጊዜ በራሱ አባዛው። 0.04 መጣ። ከ100 ሙከራ 4 ብቻ ማለት ነው። አይኑን ማመን አልቻለም። ወደ 12 እርምጃ ሲያወርደው 28 ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ ከ100 አንዴ ብቻ የሚስት ቢሆን ደግሞ 12ቱ አብረው ከ100 ሙከራ 89 ጊዜ ያህል ይሳካሉ። ደብተሩን አወጣና 18 እርምጃ በራሱ እጅ ሰረዘ። ማሩም ያኔ ወጣ። ጉንዳን እየጠራብን ነበርና አላዘንኩም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችን ተቀየረ። ሙሉውን መልቀቅ አቆምን። አንዷን እርምጃ ለብቻዋ አውጥተን 10 ጊዜ በተከታታይ እስክትሳካ እንሞክራለን። 9 ተሳክቶ 10ኛው ከሳተ እንደገና ከ1። አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ልጁ ውጤቱን በደብተሩ እየመዘገበ ሲመጣ ሥራው የእሱ ሆነ። «ሰባተኛዋ ገና ናት፣ ማማሰያው በስተግራ ይከብዳል» ብሎ ሊነግረኝ ጠዋት ይቀሰቅሰኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልስተካከል አለን። አቼቶና ሶዳ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሲኒ አቼቶ፣ ፊኛ ውስጥ አንድ ማንኪያ ሶዳ። ፊኛውን ጠርሙሱ አፍ ላይ አድርጋችሁ ቀና ስታደርጉት ሶዳው ይወርዳል፣ አየር ይፈጠራል፣ ፊኛው ይነፋል። መጀመሪያ ቤኪንግ ፓውደር ነበር የጨመርነው። ፊኛው ትንሽ ቀና አለና ተወው። ፓውደሩ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ስለሆነ ኃይሉ ያንሳል፤ ንጹሕ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚያስፈልገው። በሶዳውም ቢሆን አንዴ በ4 ሰከንድ፣ አንዴ በ9 ይነፋል። አንዳንዴ ወደ ጎን ያጋድላል። ልጆቹ ግን ወደዱት፣ አናወጣውም አሉ። መፍትሔው ቦታውን መቀየር ሆነ። 8ኛ የነበረውን 1ኛ አደረግነው። የማትተማመኑበት እርምጃ መጀመሪያ ላይ ይሁን። ከሳተ ሌላው ሁሉ እንደተደረደረ ይቆያል፣ እሷን ብቻ ትደግማላችሁ። መጨረሻ ላይ ከሆነች ግን የሁሉንም ልፋት ይዛ ትወድቃለች። ጠርሙሱን ደግሞ ፊኛ እንጂ ክዳን እንዳታደርጉበት፣ አደራ። አየሩ መውጫ ካጣ ክዳኑ ተወርውሮ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ካርቶኖቹን በተመለከተ አንዲት ነገር ልጨምር። አንድ የቆመ ነገር ከራሱ አንድ ተኩል ጊዜ የሚበልጠውን ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ብስኩት ጀምራችሁ ትልቅ ካርቶን መጣል ትችላላችሁ። የእኛ ብስኩት 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥሎ የ9፣ ከዚያ የ13፣ መጨረሻ የ19 ሳንቲ ሜትር ካርቶን። ትንሽ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ ትልቅ የሻይ ቅጠል ካርቶን፣ የአጃ ካርቶን ነበሩ። ርቀታቸው የቁመታቸው ሲሶ እስከ ግማሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ብስኩቱን ፓኬቱ ውስጥ አቆዩት። በክረምት አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ካደረ ይለሰልስና ሲቆም ያዘነብላል።

ወደ ቀረጻው ልምጣ። እዚህም ስተናል። ከ12ቱ 11ዱን አልፈን፣ የመጨረሻው ካርቶን ሊወድቅ ሲል ስልኬ ጠራ። የእኔ ስልክ ሲደወል ቀረጻውን ያቆመዋል። ካርቶኑ ወደቀ፣ ስኳሩ ሲኒ ውስጥ ገባ፣ ልጆቹ ጮኹ፤ ቪዲዮው ግን የለም። ትልቁ ምንም አላለም፣ ቁጭ አለ። እባካችሁ ስልኩን አውሮፕላን ምልክት ላይ አድርጉት። ቦታ እንዳለውም ቀድማችሁ እዩ። ሁለተኛ ስልክ ካለ ጥግ ላይ አቁማችሁ ያንንም ክፈቱት።

ሌላው መብራት ነው። ማታ በአምፖል ስንቀርጽ ቪዲዮው ላይ ጥቁር ሽንትሮች እየተንቀሳቀሱ ይታዩ ነበር። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ አንዳንድ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። ስልካችሁ የሚያስመርጣችሁ ከሆነ 50 ላይ አድርጉት። ቀስ ብሎ የሚታይ ቪዲዮ ከፈለጋችሁ ግን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ከመቅረጽ የተሻለ የለም። በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ ሥራችሁ አይቆምም። የክረምት ሰማይ በየደቂቃው ስለሚጠቁርና ስለሚበራ መጀመሪያ ስክሪኑን በጣት ተጭናችሁ ያዙና ብርሃኑንና ትኩረቱን ቆልፉት። አለበለዚያ ምስሉ መሃል ላይ ይደምቃል፣ ይጨልማል።

ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ከነሸንኮራው 3 ሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ቦታ ቆሜ ልይዘው አልቻልኩም። ክርኔን ጎኔ ላይ አጣብቄ፣ ስልኩን አግድም ይዤ፣ ወደ ጎን በትንሽ በትንሹ መራመድን ተለማመድኩ። ግፊያው ሳይነሳ ትልቁ ጮክ ብሎ ይቆጥርልኛል፣ «ስድስት ጤፍ፣ አስራ ሁለት ማማሰያ፣ አስራ አምስት ድንች» እያለ። እኔ በቁጥሩ እሄዳለሁ። ካሜራ የሚይዝ ሰው ከግፊያው ግማሽ እርምጃ መቅደም አለበት። ተከትሎ ከሄደ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ትልቁ ሳይቆረጥ በአንድ ቀረጻ ይሁን አለ። ቆርጦ መቀጠል ነውር አይደለም። ለትንንሽ ልጆች እንዲያውም በክፍል በክፍል ቀርጻችሁ ብትቀጥሉት ይሻላል። እሱ ግን በደብተሩ የመዘገባቸውን አሥር አሥር ሙከራዎች አምኖባቸዋል። እኔም አመንኩት።

የመጨረሻው እርምጃ ስኳር ሲኒ ውስጥ መጨመር ነው። ትልቁ ካርቶን ሲወድቅ ክር ይጎትታል፣ ክሩ ጭልፋውን ያዘነብላል፣ ስኳሩ ይፈሳል። እስከዚያ የምንለማመደው በባዶ ሲኒ ነበር። ትኩስ ነገር ልጆች በሚሯሯጡበት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልፈለግኩም። እናቴ ግን «ለመጨረሻው እውነተኛ ቡና ይሁን» አለች። ከቅዳሴ 9 ሰዓት አልፎ ትመለሳለች፣ ቀማምሳ ታፈላለች። ልጆቹ ከጠረጴዛው 2 እርምጃ ራቅ ብለው እንዲቆሙ ተስማማንና በየስኒው ዙር አንድ ሙከራ አደረግን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በቀን ሦስት ዕድል።

የመጀመሪያው ቀን ሦስቱም ሳቱ። አቦል ላይ ፊኛው አጋደለ። ቶና ላይ የጤፉን ጠርሙስ አፍ የዘጋንበት የካሮት ውታፍ በጣም ጠብቆ አልወጣ አለ። በረካ ላይ እኔ ቸኩዬ ጤፉን ከምስሉ አስወጣሁት። ማንም አልጮኸም። ትልቁ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ ትንሿ ክፍቶቿን እንደገና ከፈተች።

በማግስቱ አቦል ላይ ካሮቱ አሁንም ዘገየ። ትልቁ ላጥ ላጥ አደረገና ዘይት ቀባው። ቶና ተቀዳ። ትንሿ የመጨረሻዋን ብስኩት በሁለት ጣቷ አስገብታ ወደኋላ ሄደች። ትልቁ ፊኛውን ቀና አደረገ።

ፊኛው ተነፋ፣ ቃሪያውን ገፋው። ብርቱካኑ ሽው ብሎ ወረደና ፌስታሉ ውስጥ ገባ። ክሩ ተወጠረ፣ ካሮቱ ወጣ፣ ጤፉ መፍሰስ ጀመረ። ስድስት ሰከንድ። ስድስት ሰከንድ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም። ኩባያው ዝቅ አለ፣ ማማሰያው የሳልሳው ቆርቆሮ ላይ ተጋደመ፣ ድንቹ ተንከባለለ፣ ብስኩቶቹ ተረተሩ። 9፣ 13፣ 19። ጭልፋው አዘነበለ። ስኳሩ ከቡናው እንፋሎት ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

31ኛው ሙከራ ነበር። ልጆቹ ሲጮኹ ጎረቤት ደንግጣ መጣች። እኔ ቪዲዮው መቀረጹን ሳላይ አልጮህኩም። ተቀርጿል። 34 ሰከንድ።

እናቴ ሲኒውን አንስታ አማሰለች፣ ፉት አለች። «ስኳሩ ትንሽ በዝቷል» አለችና ጨርሳ ጠጣችው። በረካውን ቪዲዮውን እየደጋገምን ስናይ ጠጣነው። ማታ ሸንኮራው ተቆራርጦ ተበላ፣ ብርቱካኑ ለአራት ተካፈለ፣ ድንቹ ለነገ አልጫ ተቀመጠ። እናቴ ጤፉን ከሰፌዱ ወደ ዕቃው ስትገለብጥ ጥቂት ፍሬዎች ስፌቱ መሃል ቀሩ። ትንሿ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ በጥፍሯ አንድ በአንድ እየለቀመች መዳፏ ላይ ትሰበስብ ነበር።